ኦሪጂናሉ በኮንትሮባንድ

ከሚሴ ውስጥ ኦሪጂናል የሮክ ባንድ ካናቴራ መግዛት የሚፈልግ ሰው ከቡቲክ ቡቲክ ባይንከራተት ይሻለዋል። መስታወት ያለው፣ አሻንጉሊት ልብስ ለብሶ የቆመበት፣ የንግድ ፈቃዱ በፍሬም ተደርጎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለበት ቤት ውስጥ የሚያገኘው ፎርጅዱን ነው። ኦሪጂናሉ ያለው መሬት ላይ ነው። ሸራ ተነጥፎ፣ ቦንዳው ተፈትቶ፣ ልጆቹ "ምረጥ! ምረጥ! መርጠህ ውሰድ!" እያሉ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ በሚጮሁበት የልባሽ ጨርቅ ክምር ውስጥ፣ ከአንዲት የጀርመን አሮጊት ሹራብና ከአንድ የአሜሪካ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ማሊያ መሃል ተጨማዶ።

ነገሩ ግልብጥ ነው። በወደብ በኩል ቀረጥ ተከፍሎበት፣ በደረሰኝ የገባው ካናቴራ ሐሰተኛ ነው። በሌሊት ኬላ አልፎ የገባው ደግሞ እውነተኛ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ?

ከሚሴን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ለሚያውቃት፦ ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ዞኑ ከጥንት ጀምሮ የገበያ አገር ነው። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ። ባቲ ላይ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም ይገናኛል፤ ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ቅቤው፣ እህሉ ይለዋወጣል። ከአፋር በኩል በሚሌ አድርጎ በባቲ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣው መንገድም ስንት ዓይነት ሸቀጥ እንዳሳለፈ እሱ ራሱ ያውቃል። ያገለገለ ልብስ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ክልክል ነው። ክልክል መሆኑን ደግሞ ሻጩም ገዢውም ያውቃል፤ ሰልባጁን ለብሶ የሚያልፈው ሰውም ያውቃል።

ከዚያ ክምር ውስጥ አንድ ጥቁር ካናቴራ አንስቼ ቆሜ ሳነብ ሻጩ ልጅ ታዘበኝ መሰለኝ፤ "ጋሼ፣ ልብስ ነው እኮ፣ ጋዜጣ አይደለም" አለኝ። እውነቱን ነው። ግን የሚነበብ ነገር ነበረው። ደረቱ ላይ ኤዲ የሚባለው፣ አይረን ሜይደን የተሰኘው የእንግሊዝ ባንድ ምልክቱ ያደረገው አስፈሪ አጽም አለ። ከሥዕሉ በታች፣ ዓይን ካላጠበቡ የማትታይ አንዲት መስመር አለች፦ ዓመተ ምሕረትና የባለመብቱ ስም። አንገቱ ላይ ደግሞ የአታሚው ድርጅት ስም፣ መጠኑ፣ መቶ በመቶ ጥጥ መሆኑ። ቡቲክ ውስጥ የተሰቀለው ያው ኤዲ ግን ይህቺ መስመር የለችውም። አንዱ ላይ እንዲያውም የባንዱ ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል። ሥዕሉ ጎማ የተለጠፈ ይመስላል፤ ሁለቴ ከታጠበ እንደ ደረቀ ማሳ ይሰነጣጠቃል።

ያቺ ትንሽ መስመር ናት እንግዲህ "ፈቃድ" የምትባለው። ትርጉሟ ቀላል ነው። ባንዱ ወይም ባንዱ የወከለው ኩባንያ ለአታሚው "ስሜንና ሥዕሌን አትምና ሽጥ፤ ከእያንዳንዱ ካናቴራ ግን ይህን ያህል በመቶ ለእኔ" ብሎታል። በውል፣ በቁጥር፣ በሒሳብ። ካሴትና ሲዲ የሚሸጥበት ዘመን ካለፈ ወዲህ ብዙ የፈረንጅ ሙዚቀኛ ከዘፈኑ ይልቅ በካናቴራው ኪሱን ይሞላል ይባላል፤ በየኮንሰርቱ በር ላይ ያለውን ሰልፍ ያየ ሰው አይጠራጠርም።

ፈቃድ ያለው ሁሉ ጽድቅ ነው ማለቴ አይደለም። የሮሊንግ ስቶንስን ምላስ የማያውቅ የለም፤ ባንዱን የማያውቅ እንኳ ምላሱን ያውቃል። ያን ምላስ እ.ኤ.አ. በ1970 የሣለው ጆን ፓሽ የተባለ የለንደን የሥነ ጥበብ ተማሪ ሲሆን መጀመሪያ የተከፈለው 50 ፓውንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ የለንደን ሙዚየም፣ ቪክቶሪያና አልበርት የሚባለው፣ የመጀመሪያውን ሥዕል የገዛው በ92,500 ዶላር ነው። ኒርቫና የተባለው የአሜሪካ ባንድም እንዲሁ። ዓይኖቹ የተሰረዙት ያ ፈገግ ያለ ቢጫ ፊት ከባንዱ ካናቴራ ተቀድቷል በማለት እ.ኤ.አ. በ2018 ማርክ ጃኮብስን ከሰሱ። ክርክሩ ሲሞቅ አንድ የቀድሞ የሙዚቃ ኩባንያ ሠዓሊ "ቆይ እንጂ፣ የሣልኩት እኮ እኔ ነኝ" ብሎ መሃል ገባ፤ ጉዳዩ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2024 በስምምነት ነው። ፈረንጅም ቢሆን ባለቤቱን ለይቶ እስኪከፍል ድረስ እንዲህ ይጓተታል። ግን የሚጓተትበት ፍርድ ቤት፣ የሚጓተትበት ውል፣ የሚጓተትበት ገንዘብ አለው።

"ሮክና ከሚሴን ምን አገናኛቸው?" የሚል አይጠፋም። ካናቴራውን ከለበሱት አብዛኞቹ ባንዱን አንድ ቀን አልሰሙትም፤ ይህንን አልክድም። ለብዙው ሰው ኤዲ ማለት ጥቁር ቀለም ቆሻሻ አያሳይም ማለት ነው። ጥቂቶቹ ግን በስልካቸው ያዳምጣሉ፣ ያውቃሉ፣ ይከራከራሉ። ከእነዚያ ከጥቂቶቹ አንዱን ካናቴራውን ለብሶ ሲወጣ እናቱ በር ላይ ያዙት።

"ኧረ በአላህ! ይኼን ጅኒ ደረትህ ላይ ለጥፈህ ነው መስጊድ የምትሄደው?"

"አብሽሪ እማ፣ ስገባ እገለብጠዋለሁ።"

እውነትም ይገለብጠዋል። ሥዕል ያለበት ልብስ ለብሶ መስገድ እንደማይወደድ ስለሚያውቅ በር ላይ ሲደርስ አውልቆ ውስጡን ወደ ውጭ አድርጎ ይለብሳል። ያን ጊዜ አጽሙ ይጠፋና የአንገቱ ጽሑፍ ወደ ውጭ ይወጣል። ከኋላው ለሰገደ ሰው የምትታየው የባለፈቃዱ ድርጅት ስም ናት።

በአገራችን ገበያ ከሮክ ባንዶቹ ሁሉ በላይ የሚሸጠው ግን የቦብ ማርሌ ፊት ነው፤ ሬጌ መሆኑን አውቃለሁ፣ ካናቴራው ግን አንድ መደርደሪያ ላይ ነው የሚውለው። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የማርሌ 60ኛ ዓመት ልደት መስቀል አደባባይ ላይ ሲከበር የነበረ ሰው፣ የፊቱን ብዛት ያስታውሳል። የማርሌ ቤተሰብ ዝም ብሎ የሚያይ ቤተሰብ አይደለም። በአሜሪካ ያለፈቃድ ፊቱን አትመው በእነ ዋልማርትና ታርጌት መደብሮች ያስሸጡትን ሰዎች ከስሰው ረትተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ይግባኝ ሰሚውም አጽንቶላቸዋል። ፊቱ የአባታቸው ነውና ይገባቸዋል። ከፊቱ ጀርባ ያለው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይስ የማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን የለም። እኔም አልጠይቅም። ቀለም አጥር አይታጠርለትም፤ ፈረንጁ ቢለብሰውም ጃማይካዊው ቢለብሰውም ደስ ይለኛል።

ወደ ክምሩ ልመለስና አንድ ነገር ልጨርስ። ከሰልባጁ የተገዛው ኦሪጂናል ካናቴራ ለባንዱ ዛሬ ሳንቲም አያስገባለትም። ድርሻው የተከፈለው ያኔ፣ ኦሃዮ ይሁን ማንችስተር፣ አንድ ጎረምሳ ከኮንሰርት በር ላይ አዲሱን ሲገዛ ነው። ከሚሴ የደረሰው ጎረምሳው ከወፈረ ወይም እናቱ ቁም ሣጥን ካጸዱ በኋላ ነው። ስለዚህ ገዢው ለባንዱ አልከፈለም፤ ነገር ግን ከባንዱም አልሰረቀም። የተጎዳው ቀረጡን ያጣው መንግሥትና የአገር ውስጡ ጨርቃ ጨርቅ ነው። የቡቲኩ ፎርጅድ ደግሞ ቀረጡን ከፍሎ ባንዱን ሰርቋል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 በእጃችን አለ፤ ስለ አንድ ጎዶሎ ፊደል ከለንደን ተነስቶ ከሚሴ ድረስ መጥቶ የሚከስ ግን ማን ነው?

በሕጉ ሄዶ አዲስና ኦሪጂናል መግዛት የሚፈልገው ልጅስ? ከውጭ ለማዘዝ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያስፈልገዋል፤ የማጓጓዣው ዋጋ ካናቴራውን ይበልጠዋል፤ ደርሶ ቀረጡ ሲጨመርበት ደግሞ ደመወዝ ነው። ይህንን ሁሉ ሰምቶ "ፎርጅድ አትግዛ" ብሎ የሚመክረው ሰው እግዜር ይይለት። እኔ ልጁን አልወቅስም። ከለንደን ባንድ ዘንድ ያለው ነገር ለከሚሴ ልጅ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል፤ እሱን ለባንዱ እንተውለት። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

ለምን የራሳችንን መግዛት አቃተን?

ጃኖ ባንድ አለ። አማርኛን ከከባድ ጊታር ጋር አጋብቶ፣ አራት ድምፃውያንን ፊት ለፊት አሰልፎ የተነሳ የሮክ ባንድ። "ኤርታሌ" የተባለው የመጀመሪያ አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ፤ ፕሮዲዩስ ያደረገው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ስሙን ልብ በሉልኝ። ጃኖ ማለት ልብስ ነው። ዳር ዳሩን ሰፊ ቀይ ጥለት የዞረበት፣ ድሮ መኳንንቱ የሚደርቡት ነጭ ኩታ። በልብስ ስም የተጠራ የሮክ ባንድ በዓለም ላይ ስንት ይገኛል? አልበሙ ደግሞ በአፋሩ እሳተ ገሞራ ስም ተጠርቷል፤ ከባቲ ቁልቁል ከሚወረድበት ከዚያው ከአፋር ምድር። የቀይ ጥለቱ ሐሳብ፣ የእሳቱ ሐሳብ፣ ስሙ ራሱ "አትሙኝ" እያለ ይጮኻል። የጃኖን ካናቴራ፣ ያቺ ትንሽ መስመር ያለችበትን፣ ከሚሴ ብፈልግ አጣሁ፤ ደሴም አጣሁ። አዲስ አበባ መርካቶ የገባሁ ጊዜም የሰጡኝ መልስ "ሜታሊካ አለልህ" የሚል ነበር።

"የእኛ ሰው ለካናቴራ ገንዘብ አያወጣም፣ ነፃ ለምዷል" የሚሉኝ አሉ። ግማሽ እውነት አለው። ምርጫ ሲሆን ካናቴራ ይታደላል። የወባ ዘመቻ፣ የኤድስ ቀን፣ የማኅበር ምሥረታ፣ ሁሉም ካናቴራና ኮፍያ አለው። አንዳንዱ ገበሬ በአንድ ቁም ሣጥን የሦስት ፓርቲ አባል ነው። ነገር ግን ይህን ክርክር ዝም የሚያሰኝ አንድ ካናቴራ አለን። ከኅዳር 1994 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 10,000 ሰው ሮጠ፤ ዛሬ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ሆኗል። የሩጫው መግቢያ ቲኬት ምንድነው? ካናቴራ! የአዲስ አበባ ሰው በገንዘቡ፣ ተሰልፎ፣ "አለቀ" እንዳይባል በዘመድ አስይዞ የሚገዛው ካናቴራ። ቀለሙ ምን ይሆን ተብሎ አስቀድሞ ይወራለታል፤ ካለቀ በኋላ የናፈቀው ሰው ጨምሮ ይከፍልበታል። ስለዚህ ሕዝቡ ኦፊሴላዊ ካናቴራ አይገዛም የሚለውን ወሬ እዚህ ላይ እንተወው። የሚሸጥለት ሲያገኝ ይገዛል።

ሕጉስ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሁለት ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። አርቲስቶቻችን ለዚያ አዋጅ ጮኸዋል፣ ተንከራትተዋል፤ ያኔ ካሴት ገና ከስቱዲዮ ሳይወጣ ቅጂው ፒያሳ ላይ ይሸጥ ነበርና። በኋላም ሲሻሻል የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበሰብበት መንገድ ተጨመረበት። ሁሉም ጩኸት ግን ስለ ዘፈኑ ነበር። ስለ ስምና ስለ ምስል ያሰበ ሙዚቀኛ ወይም ማናጀር ማግኘት ብርቅ ነው። ኮንሰርት ሲደርስ የዘፋኙ ፊት በአንድ ሌሊት በሺህ ካናቴራ ላይ ይታተማል፤ በማግስቱ የስታዲየም በር ላይ ይሸጣል፤ ዘፋኙ መኪናው ውስጥ ሆኖ ፊቱን በሰው ደረት ላይ እያየ ያልፋል፣ እጁንም ያውለበልባል። ማናጀሩን "ኧረ ይኼ እኮ ገንዘብ ነው" ብትሉት "ማስታወቂያ ነው፣ ይሁን" ይላችኋል። ማስታወቂያ! የሰው በሬ አርሶ ሲበላበት ባለበሬው "ለበሬዬ ማስታወቂያ ነው" ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ፈቃድ መስጠትን እንደ አገር ሞክረነው እናውቃለን እኮ። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ከስታርባክስ ጋር የነበረው ግብግብ ያኔ ጋዜጣውን ሁሉ ሞልቶት ነበር። በሰኔ 1999 ስምምነት ተፈረመ። ኢትዮጵያ የሰጠችው ፈቃድ ገንዘብ የማይከፈልበት ነበር፤ ብዙ ሰው ያኔም "ታዲያ ምን ዋጋ አለው?" ብሏል። ለእኔ ግን ዋጋው "ይህ ስም ባለቤት አለው፣ ከመጠቀምህ በፊት ጠይቀኝ" የሚለውን ሐሳብ በወረቀት ማስፈሩ ነው። ቡና ያንን ካገኘ ባንድ ለምን አያገኝም?

እዚህ ላይ የባቲ ሰዎች ሊቆጡኝ ይችላሉና ቀድሜ ልናገር። የሙዚቃችን አራት ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ባቲ ላይ ሰኞ ገበያ ግመል የሚሸጥባት ከተማ ስሟን ለአንድ ሙሉ ቅኝት ሰጥታለች። በዓለም ላይ በባቲ ቅኝት የሚጫወት ጃፓናዊም፣ ፈረንሳዊም፣ ሆላንዳዊም አለ። "ከእነዚህ ሁሉ ለምን አናስከፍልም?" ብሎ የጠየቀኝ የዞኑ ተወላጅ ወዳጅ አለኝ። አይሆንም። ቅኝት እንደ ቀለሙ ነው፣ እንደ ገበያው ነው። ማንም መጥቶ ይግዛበት፣ ይሽጥበት። ቅኝት ላይ ኬላ የሚያቆም ሰው መጀመሪያ የሚቀጣው የራሱን አዝማሪ ነው። የአንድ ባንድ ስም፣ የአንድ ድምፃዊ ፊት፣ የአንድ ሠዓሊ እጅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ የሠራው ሰው በሕይወት አለ፣ የቤት ኪራይም ይከፍላል። ሁለቱን ማደባለቅ "የሁሉም ነው" እያሉ ከግለሰብ ለመስረቅ ያመቻል፤ ወዳጄ እንዳሰበው ደግሞ "የእኔ ነው" እያሉ ከሁሉም ለመስረቅ።

ባለቤቱን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው የሚሉትን ደግሞ አንድ ታሪክ ላስታውሳቸው። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ ለብቻው አንድ ካሴት ቀድቶ አወጣ፤ አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር ብቻውን እየተጫወተ። ከዚያ ሙዚቃው ቀዘቀዘና በዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ መንዳት ያዘ። ከብዙ ዓመት በኋላ ያ ካሴት ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ውስጥ በአንድ አሜሪካዊ እጅ ገባ። ሰውዬው የአፍሪካ ካሴቶችን እያደነ እንደገና የሚያሳትም ነው። ሲያዳምጠው አበደለት። ኮፒ አድርጎ መሸጥ ይችል ነበር፤ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ የሚከሰው አልነበረም። እሱ ግን ስልክ ቁጥር ፈልጎ ደወለ፤ አስፈቀደ፤ ትርፉን እኩል ለመካፈል ተዋዋለ። እ.ኤ.አ. በ2013 አልበሙ እንደገና ወጣ፤ ኃይሉም ታክሲው ግንድ ውስጥ ይዞት ይዞር የነበረውን ኪቦርድ ወደ መድረክ መለሰው፣ አውሮፓንና አሜሪካን ዞረ። ፈቃድ ማለት አንዳንዴ አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

ከከሚሴ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ኮምቦልቻ አለች። በደርግ ዘመን የተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፤ በሐምሌ 2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም አላት፤ ለፈረንጅ ገበያ እንዲሰፋ የታሰበ። በ2014 መግቢያ ጦርነቱ ከሚሴንም ኮምቦልቻንም አዳረሰ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ መጨረሻ የአሜሪካ የአጎአ ከቀረጥ ነፃ ዕድል ተቋረጠ። መስፋት የሚችሉ እጆች ግን አሉ። ለውጭ ስም ሲሰፉ የነበሩ ልጆች ናቸው። አምስት መቶ ጥቁር ካናቴራ ከዚያ ይሰፋ፤ ቀይ ጥለት ግርጌው ላይ ይዙርለት፤ ማተሚያው ደሴም አለ። ከባንዱ ጋር የሚፈረመው ውል አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ ስንት ይታተማል፣ በስንት ይሸጣል፣ ለባንዱ ስንት በመቶ፣ ሥዕሉን ለሣለው ስንት፣ ማን ይቆጥራል፣ ያልተሸጠው ምን ይደረጋል። ስምንት በመቶ ይሁን ዐሥራ ሁለት፣ እሱን ባለጉዳዮቹ ይከራከሩበት። እኔ የምለምነው ከሥዕሉ በታች ያቺ ትንሽ መስመር በግዕዝ ፊደል እንድትታተም ነው፤ ዓመተ ምሕረቱና የባለመብቱ ስም። የከሚሴ ቡቲኮች መጠን እንዳያስቸግራቸውም አስቀድሜ ልንገራቸው፦ እኔ ኤክስ ላርጅ ነው የምለብሰው፤ አንድ ያስቀምጡልኝ።